ሴክተር ሪቪው፦ ሕዝብ ያልመከረበት ምክር

የ1966ቱን የየካቲት አብዮት የሚያወሱ ጽሑፎች ሁሉ ሳያነሷቸው የማያልፉ ነገሮች አሉ፤ የወሎ ረሀብ፣ የነገሌ ቦረና ወታደሮች፣ የቤንዚን ዋጋ፣ የታክሲ ነጂዎች አድማ። ከነዚህ ተርታ “ሴክተር ሪቪው” የሚባል አንድ ባዕድ ስም አለ። የዚያን ዘመን ሰው ምንነቱን ቢጠየቅ፣ ብዙውን ጊዜ “የድሃ ልጅ ከአራተኛ ክፍል በላይ እንዳይማር የወጣ ዕቅድ ነዋ!” ብሎ ያልፈዋል። መልሱ ግማሽ እውነት አለው። የቀረው ግማሽ የት ጠፋ? ለምንስ ጠፋ? ይህን መጠየቅ ትምህርታችንን ለማደስ ደጋግመን ስንነሣ ደጋግመን የምንሰናከልበትን ድንጋይ ያሳየናል።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ግድ ይላል። ዘመናዊ ትምህርት በኢትዮጵያ ሲጀመር ለጥቂቶች ተብሎ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ግድም ትምህርት ቤታቸውን ሲከፍቱ፣ ካህናቱ እንዳይሸበሩ መምህራኑን ከግብጽ ኮፕቶች አስመጡ። የተፈለገውም በዋናነት ከውጭ መንግሥታት ጋር የሚነጋገርና የሚጻጻፍ ቋንቋ ዐዋቂ ነበር። ራስ ተፈሪ መኰንንም በ1917 የራሳቸውን ትምህርት ቤት ከፈቱ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የተማረው ሰው አልቆ፣ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ጸሐፊና አስተዳዳሪ ያለህ ይል ስለነበር፣ ንጉሠ ነገሥቱ የትምህርት ሚኒስትርነቱን ለረጅም ዓመታት በራሳቸው እጅ ያዙት። በ1943 የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ሲከፈት መሰላሉ ከታች እስከ ላይ ተዘረጋ። ርስት የሌለው፣ ዘመድ ከቤተ መንግሥት የሌለው ሰው ልጅም ዕድል ከቀናው በትምህርት ብቻ ሹመት ዘንድ ይደርስ ጀመር። የካህን ልጅ የነበሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድ በትምህርታቸው ጠቅላይ ሚኒስትር እስከ መሆን ደርሰዋል። “የተማረ ይግደለኝ” የሚለው አነጋገር እንዲያው ለወግ ብቻ የሚነገር አልነበረም፤ ወላጅ ልጁን ትምህርት ቤት ሲሰድ የቤተሰቡን ተስፋ አብሮ ይሰድ ነበር።

ዳሩ ግን መሰላሉ ጠባብ ነበር። በግንቦት 1953 የአፍሪካ መንግሥታት በዩኔስኮና በኢኮኖሚ ኮሚሽኑ አማካይነት አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው፣ እስከ 1980 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ድረስ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ለሁሉም ሕፃን እንዲዳረስ ወሰኑ። የሚያሳፍረው ነገር፣ አስተናጋጂቱ አገር ራሷ በተማሪ ቁጥር ከብዙዎቹ እንግዶቿ ኋላ የቀረች ሆና መገኘቷ ነበር። ለዘመናት በነጻነት የኖርን ነን የምንለው እኛ፣ ገና ከቅኝ አገዛዝ ከወጡት ያነሰ ልጅ እናስተምር ነበር።

በሚቀጥሉት ዓመታትም ጉድለቱ እየገዘፈ ሄደ። ለትምህርት ከደረሱት ሕፃናት ከመቶ ሰማንያው ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም። ከገቡትም መካከል የአዲስ አበባና የኤርትራ ልጆች ድርሻ ከሌላው ጠቅላይ ግዛት ሁሉ የጎላ ነበር። ከ1956 ጀምሮ በአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያው አማርኛ ሲሆን፣ አማርኛ ለማይናገረው የገጠር ልጅ ደጁ ይበልጥ ከበደ። በሌላ በኩል ደግሞ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ሥራ ያጣ ወጣት በከተማው መታየት ጀመረ። አንድ ፊት በቂ ተማሪ የለም፣ ሌላ ፊት ደግሞ ለተማረው ሥራ የለም! የትምህርትና ሥነ ጥበብ ሚኒስቴር ከመላው ሥርዓት ጋር ሒሳብ የሚተሳሰብበት ጊዜ ደረሰ።

ጥናቱ የተካሄደው በ1964 ነው። የዓለም ባንክና ዩኔስኮ ደግፈውት፣ ኢትዮጵያውያንና የውጭ ባለሙያዎች በ14 የጥናት ቡድኖች ተከፍለው ዓመቱን ሙሉ ሠሩ። በዓመቱ መጨረሻ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሪፖርት ወጣ። ርእሱን በአማርኛ ብንመልሰው፣ “ትምህርት፦ በአገር ፊት የቀረበ ፈተና” እንደማለት ነው።

ሪፖርቱን ያለ ቂም ለሚያነብ ሰው፣ ጸሐፊዎቹ ለገጠሩ ሕፃን ደንታ የሌላቸው አልነበሩም። እንዲያውም የተነሡበት ጥያቄ እርሱው ነበር። አገሪቱ ያላት ገንዘብ ውስን ነው፤ ይህ ገንዘብ ለጥቂቶች አሥራ ሁለት ዓመት ከሚወጣ፣ ለሁሉም አራት ዓመት ቢወጣ አይሻልም ወይ? ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሕፃን የአራት ዓመት መነሻ ትምህርት እንዲሰጥ፣ ይዘቱም ከእርሻው፣ ከጤናውና ከአካባቢው ኑሮ ጋር እንዲያያዝ፣ ዕድሜያቸው ላለፈም አጠር ያለ ትምህርት እንዲዘጋጅ ሐሳብ አቀረቡ። በእነርሱ ዓይን አራተኛ ክፍል ወለል ነበር፤ ማንም ከዚያ በታች እንዳይቀር የሚነጠፍ ወለል።

ይሁንና የገንዘቡ ሒሳብ ሌላ ገጽም ነበረው። ለታችኛው የሚዳረሰው የላይኛውን ዕድገት በመግታት ነው። ከአራተኛ ክፍል በኋላ የሚቀጥለው የተመረጠው ብቻ ይሆናል። እንግዲህ ጥያቄው “ማን ይመረጣል?” የሚል ነው። ከተማ ያለው ሀብታም ልጁን በገንዘቡ ያስተምራል፤ ባላገሩና ምስኪኑ ከተሜ ግን ሌላ መንገድ የለውም። ለወላጁ እንግዲህ ይኸው አራተኛ ክፍል ጣሪያ ሆኖ ታየው። አንዱ ቁጥር ለባለሙያው ወለል፣ ለድሃው ጣሪያ ሆነ። ሁለቱም አልተሳሳቱም።

ይህ ልዩነት በውይይት ሊጠብ ይችል ነበር። ወላጅ ቢጠየቅ፣ መምህር ቢመክርበት፣ ምናልባት የድሃ ልጅ የሚቀጥልበት በር ሰፋ ብሎ ይከፈት ነበር። መንግሥት ያደረገው ግን ሰነዱን መሳቢያ ውስጥ መቆለፍ ነበር። ሪፖርቱ ከተጠናቀቀ በኋላ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ለሕዝብ ሳይገለጽ ቆየ። ተቆልፎ የቆየ ወረቀት ደግሞ የራሱን ወሬ ይወልዳል። በየመምህራን ክፍሉ ሹክሹክታው በረታ፤ መምህራኑ የሥራ ጫናቸው ሊጨምር፣ የደመወዝ ዕድገታቸውም ሊጎዳ ነው ብለው ሰጉ። የደመወዝ ነገር ለዓመታት ሲያመለክቱበት የኖሩት ያልሽረ ቁስል ነበርና ስጋቱ ቶሎ ሥር ሰደደ። በዚያ ላይ ዘመኑ መተማመን የጠፋበት ነው። ተማሪው በ1957 “መሬት ለአራሹ” ብሎ ከወጣ ጀምሮ ከመንግሥት ጋር ተቃቅሯል፤ በታኅሣሥ 1962 የተማሪዎቹ መሪ ጥላሁን ግዛው ከተገደለ ወዲህማ መንግሥት ስለ ትምህርት የሚናገረውን በቅን የሚሰማ አልነበረም።

የጥናቱ ነገር ይፋ የወጣው በዚያ በቀውጢው በየካቲት 1966 ነው። በጥር ወር የነገሌ ቦረና ወታደሮች አምፀዋል፤ የቤንዚን ዋጋ ተሰቅሏል፤ የወሎ ሕዝብ እልቂት ተሸፋፍኖ መቅረቱ ታውቋል። ረሀብን የደበቀ መንግሥት፣ የትምህርት ዕቅዴ ለድሃው በጎ ነው ቢል ማን ያምነዋል? የካቲት 11 ቀን የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር አድማ መታ፤ በዚያው ቀን ታክሲዎችም ቆሙ። ተማሪው መንገዱን ሞላው። በጥቂት ቀናት ውስጥ መንግሥት የቤንዚኑን ዋጋ ቀነሰ፣ ሴክተር ሪቪውንም ማቆየቱን አስታወቀ። ዳሩ ግን ውኃው ፈስሶ ነበር። የካቲት 20 ቀን የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። በትምህርት መሰላል ላይ የወጡት ሰው፣ ከወደቁበት ምክንያቶች አንዱ መሰላሉ ሊታጠር ነው የሚል ጩኸት ሆነ።

ሴክተር ሪቪው በዚሁ ተቀበረ። የተነሣበት ጥያቄ ግን አልተቀበረም። ደርግ በታኅሣሥ 1967 ተማሪውንና መምህሩን በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ላከ፤ ከሐምሌ 1971 ጀምሮም የመሠረተ ትምህርት ዘመቻን አወጀ። በብዙ ቋንቋዎች የተካሄደው ይህ ዘመቻ ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ ፊደል አስቆጠረ፣ የዩኔስኮንም ሽልማት አስገኘ። መለስ ብሎ ለሚያይ፣ “ለሁሉም ጥቂት” የሚለው የሴክተር ሪቪው ሐሳብ በሌላ ቀሚስ ተመልሶ መጥቶ ነበር ለማለት ያስደፍራል። በሚያዝያ 1986 የወጣው ፖሊሲም የአንደኛ ደረጃውን በአፍ መፍቻ ቋንቋ አደረገ፤ ትምህርት ቤት ወደ ገጠሩ ቀበሌ እየዘለቀ ሄደ። ይህ ቀላል ውጤት አይደለም። የ1953ቱን የአዲስ አበባ ጉባኤ ለሚያስታውስ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

ሆኖም አሠራሩ ያው የጥንቱ ሆነ። ዕቅዱ ከላይ ይወጣል፤ መምህሩ በስብሰባ ይነገረዋል፤ ይፈጽማል። ለዚህ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የገባው “ፕላዝማ” ጥሩ ምሳሌ ነው። ትምህርቱ በሳተላይት ከቴሌቪዥን ይፈስሳል፤ ዓመታት ያስተማረው መምህር ዳር ቆሞ ማሽኑን የሚከፍትና የሚዘጋ ሆነ። ተማሪው “ይደገምልኝ” ቢል ቴሌቪዥኑ አይሰማም።

በ2015 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰጥቶ ውጤቱ ሲገለጽ፣ ከተፈተኑት ከመቶ ሦስት ያህሉ ብቻ ግማሽና ከዚያ በላይ ማምጣታቸው ተሰማ። አገሩ ደነገጠ። በ1964 የተቀመጡት ባለሙያዎች ቢሰሙት ግን ጥያቄውን ያውቁት ነበር። ለሁሉም ማዳረስና በቅጡ ማስተማር በአንድ ኪስ ገንዘብ እንዴት ይሆናል? ያን ጊዜ በሩ ጠባብ ስለነበር ብዙው ውጭ ቀረ። አሁን በሩ ሰፍቶ ብዙው ገባ፤ ከገባ በኋላ ግን ሳያውቅ ያልፋል። የድሃ ልጅ በ1966 የፈራው ጣሪያ፣ ዛሬ በአዋጅ ሳይሆን በፈተና ወረቀት ላይ ተጽፎ ይጠብቀዋል።

በዚያው በ2015 ደግሞ አዲስ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጸደቀ። መልካም ይሁን። ታሪክ ግን አንድ ምክር አለው። ሴክተር ሪቪው የወደቀው ባለሙያ አጥቶ አይደለም፤ በዘመኑ የነበሩ ምርጥ አእምሮዎች ደክመውበታል። ገንዘብና ረዳትም ነበረው። ያጣው ነገር፣ ሰሌዳው ፊት የሚቆመው መምህርና ልጁን በባዶ እግሩ የሚልከው ወላጅ “እኔም መክሬበታለሁ” የሚሉትን ቃል ነው። ያ ቃል በርካሽ ይገኝ ነበር፤ ሰነዱን ከመሳቢያ አውጥቶ፣ በሚገባው ቋንቋ ጽፎ፣ ሕዝቡን “እስቲ ምን ትላላችሁ?” ብሎ መጠየቅ ብቻ በቂ ነበር። ሳይጠየቅ የቀረው ሕዝብ መልሱን አደባባይ ወጥቶ ሰጠ።