ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፤ በሁለት ዘውድ መካከል

ከቡሬና ከሽንዲ ወዲያ ምድሩ ወደ ዓባይ በረሃ ያዘቀዝቃል። በ19ኛው መቶ ዓመት ከወንዙ ማዶ ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ባሪያ ይሻገር ነበር። በዚህ ንግድ ላይ ቀረጥ የጣለ መስፍን ጠመንጃ ይገዛል፤ ጠመንጃ የያዘ ደግሞ ዘውድ ይመኛል። የጎጃሙ ራስ አዳል ተሰማ ለማን ታመነ፣ ማንንስ ከዳ የሚለው ጥያቄ መፍቻው ከዚህ ላይ ነው።

አዳል ዙፋን ሲገለባበጥ ባየ ቤት የተወለደ ነው። አያቱ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ በ1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ከካሳ ኃይሉ፣ ከኋላው ቴዎድሮስ፣ ጋር ሲዋጋ ወደቀ። አዳል ተቀናቃኙን ራስ ደስታን አስወግዶ ጎጃምን ከያዘ በኋላ ለአፄ ዮሐንስ 4ኛ ገበረ። ንጉሠ ነገሥቱም በ1873 ዓ.ም. ተክለ ሃይማኖት አሰኝቶ የጎጃምና የከፋ ንጉሥ አድርጎ አነገሠው። ከፋ ግን ገና ያልተያዘ አገር ነበር፤ የሸዋው ምኒልክም ዓይኑን ጥሎበታል። ዮሐንስ በአንድ ዘውድ ሁለት ነገር አገኘ፤ ጎጃምን ወዳጅ አደረገ፣ ለሸዋም ባላጋራ አቆመለት።

ውጤቱ በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ታየ። ተክለ ሃይማኖት ቆስሎ በምኒልክ እጅ ተማረከ። ዮሐንስ ግን ሁለቱንም ቀጣ፤ ከምኒልክ ወሎን፣ ከተክለ ሃይማኖት አገው ምድርን ነጠቀ። የጎጃሙ ንጉሥ ዘውድ የሰጠ እጅ ምድር እንደሚነሣ ያን ጊዜ ተረዳ።

በጥር 1880 ዓ.ም. ሳር ውኃ ላይ ከመሐዲስቶች ጋር ገጥሞ ድል ሆነ፤ ጎንደርም ተቃጠለች። ዮሐንስ በሰሜን በጣልያን ተወጥሮ ነበር። ሠራዊቱ ያለቀበት ንጉሥ ፊቱን ወደ ትናንት ማራኪው መለሰ፤ ከምኒልክ ጋር በዮሐንስ ላይ መከረ። ምክሩ ሲሰማ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ዓባይን ተሻግሮ ጎጃምን አጠፋ። ተክለ ሃይማኖት አምባ ገብቶ ሲመሽግ፣ ቤቱ የተቃጠለው፣ ከብቱ የተነዳው፣ ጎተራው የተራቆተው ገባሩ ነበር። በምክሩ ያልተጠራ፣ ለቅጣቱ ግን ቀዳሚ ሆነ።

ይህ ጠባይ የጎጃም ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ እስጢፋኖስና ማቲልዳ ለዘውድ ሲፋለሙ፣ የኖርማንዲው መኮንን ዋለራን የእስጢፋኖስ ቀኝ እጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1141 እስጢፋኖስ ሊንከን ላይ ሲማረክና ኖርማንዲ በማቲልዳ ባል እጅ ስትወድቅ፣ ዋለራን ርስቱን ለማዳን ወደ ማቲልዳ ዞረ። በባላባታዊ ሥርዓት መሐላ የሚጸናው መሬት እስከጸና ድረስ ነው።

ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ሲወድቅ ተክለ ሃይማኖት ለምኒልክ ገበረ። በ1888 ዓ.ም. የጎጃምን ጦር ይዞ ዓድዋ ዘመተ፤ በ1893 ዓ.ም. አረፈ። ከሃዲ ነው ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ ብልህ ነው ብሎ ማወደስም እንዲሁ። ሁለቱም ፍርድ ግን ያለ ገባሩ ምስክርነት ጎደሎ ነው። እምባቦ ላይ በዘውድ ምኞት ተነድቶ የወደቀውም፣ ዓድዋ ላይ ለአገር ነጻነት የቆመውም ያው የጎጃም ገበሬ ነበር። የጌታው ታማኝነት በተደጋጋሚ ሲዞር፣ እርሱ በእያንዳንዱ መዞሪያ ላይ ዋጋ ከፍሏል።