የከባድ ሚዛን ማምሻ

ከ2019 ወዲህ የዓለም ከባድ ሚዛን ቦክስ ታላላቅ ሌሊቶች መንገዳቸውን ወደ ሪያድ አድርገዋል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ጆሹዋ፣ ፉሪ፣ ኡሲክ፣ ዋይልደር፣ ዣንግ፣ ሁሉም እዚህ ተፋልመዋል፤ አብዛኞቹም የመጡት ሠላሳዎቹን አጋምሰው ወይም ጨርሰው ነው። መድረኩ ከከተማው በስተሰሜን ነው፤ የእኛ ሰፈር መንሱራ በስተደቡብ። የመግቢያው ዋጋ በቀን ሥራ ለሚያድር ሰው የሚቀመስ አይደለምና በዚህ ሰፈር ያለው ሐበሻ ግጥሚያውን የሚያየው ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ በሻይ ብርጭቆ በተደገፈች አንዲት ስልክ ዙሪያ ተኮልኩሎ ነው። አብረውኝ ከሚያዩት መካከል ሲሚንቶ ሲሸከሙና ሴራሚክ ሲያነጥፉ አርባን ያለፉ አሉ። ወጣቶቹ ቡጢ ሲቆጥሩ እነሱ እግር ያያሉ። ሰውዬው ከገመዱ ለመላቀቅ ስንት እርምጃ ፈጀበት? ከወንበሩ ሲነሳ እጁን ተመረኮዘ? ይህን አይተው ተሸናፊውን ቀድመው የሚናገሩበት ጊዜ ብዙ ነው።

እውነት አላቸው። ዕድሜ ቦክሰኛን ባንድ ጊዜ አይጥለውም። መጀመሪያ እግሩ ይከብዳል። ቀጥሎ ዓይኑ ያየውን ቡጢ ለማምለጥ አንገቱ ይዘገያል። ከዚያ የሦስት ደቂቃውን ድካም በአንዷ ደቂቃ ዕረፍት ማራገፍ ያቅተዋል። የቡጢው ክብደት ግን ከሁሉም በኋላ ነው የሚሄደው። በከባድ ሚዛን ኪሎ ለመቀነስ መራብና መጠማት ስለሌለ፣ አንድ ቡጢም የተሸነፈ ግጥሚያ ስለሚገለብጥ፣ አርባ የሞላው ሰው እዚህ ገና ይፈራል። ብዙዎቹን “አንድ ግጥሚያ ብቻ” እያሰኘ የሚመልሳቸውም ያ የቀረው ቡጢ ነው።

ሆኖም ታሪኩን ወደ ኋላ ስቃኘው ዕድሜ ብቻውን የማይፈታው ነገር አገኛለሁ። ቦክሰኛን ሪንግ ውስጥ የሚያስገባው ምክንያትና ከዚያ ሌሊት ሦስት ወር ቀድሞ በጨለማ ከአልጋው የሚያስነሳው ምክንያት የተለያዩ ናቸው። ገንዘብ፣ ዕዳ፣ ጭብጨባ የመጀመሪያውን ይሞላሉ። ሁለተኛው ከሌለ ግን ሪንጉ ላይ የሚታየው ባዶ አካል ነው።

ለዚህ የመጀመሪያውን ማስረጃ የሰጠችን ከሪያድ ጎን ያለችው ድርዒያ ናት፤ የሰጠችንም ገና ባላረጀ ሰው ነው። አንዲ ሩዊዝ በጁን 2019 ኒውዮርክ ላይ አንቶኒ ጆሹዋን አራት ጊዜ ጥሎ፣ በሰባተኛው ዙር አስቁሞ፣ ዓለምን ጉድ አሰኘ። ስድስት ወር አልፎ ለዲሴምበር 7ቱ የድርዒያ ግጥሚያ ሲመዘን 128 ኪሎ ከግማሽ ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ ከመጀመሪያው ግጥሚያ ሰባት ኪሎ ገደማ ጨምሮ። ጆሹዋ በተቃራኒው ቀልሎ መጥቶ ነበር፤ ዐሥራ ሁለት ዙር ሙሉ በጃብ እየነካካ ሸሽቶ በሰፊ ነጥብ ቀበቶዎቹን መለሰ። ሩዊዝ በኋላ ራሱ እንዳመነው ወራቱ ያለፉት በፈንጠዝያ ነበር። ያኔ ዕድሜው 30 ነበር። ክፍያው በሕይወቱ ካገኘው ሁሉ የበለጠ ነበር፤ ግን ያ ገንዘብ ድርዒያ አደረሰው እንጂ ከፈንጠዝያው አላስቀረውም።

ሌሎች የጫኑበትን ምክንያት ተሸክሞ የገባ ሰውም አለ። ጂም ጄፍሪስ በ1905 ሳይሸነፍ ተሰናብቶ እርሻው ላይ ተቀምጦ ነበር። ጃክ ጆንሰን የመጀመሪያው ጥቁር የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሲሆን ነጭ አሜሪካ የዘሩን ክብር እንዲያስመልስለት ጄፍሪስን ጎትቶ አወጣው። ሰውዬው ከ40 ኪሎ በላይ ቀንሶ፣ በ35 ዓመቱ፣ ጁላይ 4 ቀን 1910 ሬኖ ላይ ቆመ፤ በ15ኛው ዙርም ተሸነፈ። ፍላጎቱ የራሱ አልነበረም፤ ለእኔ ሽንፈቱ ከዚያ ይጀምራል።

ጆ ሉዊስን ኢትዮጵያዊ በአክብሮት ሊያስታውሰው ይገባል። በጁን 1935፣ ፋሺስት ጣሊያን ሊወረን ሦስት ወር ሲቀረው፣ የ21 ዓመቱ ልጅ ያንኪ ስታዲየም ውስጥ ግዙፉን ጣሊያናዊ ፕሪሞ ካርኔራን በስድስተኛው ዙር አስቆመው። ሙሶሊኒ የሚኩራራበት ሰው ሲወድቅ ጥቁር አሜሪካውያን ግጥሚያውን የኢትዮጵያና የጣሊያን አድርገው ነበር ያዩት። ይኸው ሰው ዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ቀበቶውን ይዞ፣ በጦርነቱ ጊዜ የሁለት ግጥሚያ ገቢውን ለባሕር ኃይሉና ለጦር ሠራዊቱ መረዳጃ ሰጥቶ፣ በ1949 በክብር ተሰናበተ። ከዚያ የግብር መሥሪያ ቤቱ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ጠየቀው። ዕዳው መለሰው። ኦክቶበር 26 ቀን 1951 በ37 ዓመቱ ሮኪ ማርሲያኖ በስምንተኛው ዙር በገመዶቹ መካከል አሽቀንጥሮ ጣለው። ማርሲያኖ ራሱ በኋላ ማልቀሱ ይነገራል። አገሩን በገንዘቡ የደገፈ ሰው በገንዘብ ምክንያት እንዲህ መውደቁ እስከ ዛሬ ያስቆጣኛል።

ከሉዊስ የባሰው ሙሐመድ አሊ ነው፤ ምክንያቱም ምልክቱ ቀድሞ ታይቶ ነበር። የቡድኑ ሐኪም ፈርዲ ፓቼኮ ከ1977ቱ የሻቨርስ ግጥሚያ በኋላ ይብቃ ብሎ ጥሎት ሄደ። በ1980 ከላሪ ሆልምስ ግጥሚያ በፊት በማዮ ክሊኒክ ሲመረመር በአንድ እግሩ መዝለልና ንግግሩ እንደ ድሮው እንዳልሆኑ ተመዘገበ፤ ፈቃዱ ግን ተሰጠ። አሊ በዚያ ሰሞን ሽበቱን አጥቁሮ፣ ወፍሮ የነበረ ሰውነቱን አክስቶ የድሮውን አሊ መስሎ ብቅ አለ። ያ ቅጥነት የታይሮይድ ክኒን የወለደው ነበር እንጂ የልምምድ አልነበረም። ኦክቶበር 2 ላስቬጋስ ላይ በ38 ዓመቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እስኪቀር ድረስ አንድም ዙር አላሸነፈም። ሆልምስ የአሊ የልምምድ ጓደኛ የነበረ ሰው ነውና እየመታው ለዳኛው ይበቃዋል የሚል ፊት ያሳይ ነበር። ከ10ኛው ዙር በኋላ የአሊ አሠልጣኝ አንጄሎ ደንዲ ግጥሚያውን አስቆመው። አሊ ግን አላቆመም፤ በዲሴምበር 1981 ባሃማስ ላይ፣ ደወል ጠፍቶ የላም ቃጭል እየተመታ፣ በትሬቨር በርቢክ በነጥብ ተሸነፈ። በ1984 ፓርኪንሰን እንዳለበት ተነገረው። የዓለም ጭብጨባ ያን ያህል ለለመደ ሰው ዝምታ ምን ያህል እንደሚከብድ እረዳለሁ። ፈቃዱን የሰጡትን ግን ልረዳቸው አልችልም።

ጆርጅ ፎርማን ደግሞ ይህን ሁሉ የሚገለብጥ ሰው ነው። በ1974 ኪንሻሳ ላይ በአሊ ከተሸነፈ በኋላ በ1977 ቦክስ ትቶ ሰባኪ ሆነ፤ ሂውስተን ውስጥ የወጣቶች ማዕከል ከፈተ። ማዕከሉ ገንዘብ ሲያጥረው፣ ዐሥር ዓመት ሙሉ ጓንት ያልነካው ሰው በማርች 1987 በ38 ዓመቱ፣ 121 ኪሎ ሆኖ ተመለሰ። ተሳቀበት። እሱም የወጣትነት ችኮላውን አልደገመም። በየዙሩ መካከል ሌሎቹ ወንበር ላይ ሲወድቁ እሱ በማዕዘኑ ቆሞ ይጠብቅ ነበር፤ እጆቹን አቆላልፎ ፊቱን ይከልላል፣ ጥቂት ይራመዳል፣ ጃቡን ያዘንባል። በ1991 ከሆሊፊልድ ጋር ዐሥራ ሁለቱንም ዙር ቆሞ በነጥብ ተሸነፈ። ኖቬምበር 5 ቀን 1994፣ ኪንሻሳ ላይ ለብሶት የነበረውን ቁምጣ አድርጎ፣ ያኔ የአሊ ማዕዘን ላይ የነበረውን ደንዲን በራሱ ማዕዘን አስቁሞ ከ26 ዓመቱ ማይክል ሙረር ጋር ገጠመ። ሙረር በሦስቱም ዳኞች ነጥብ ይመራ ነበር። በዐሥረኛው ዙር አንዲት አጭር ቀኝ እጅ አገጩ ላይ አረፈችና በዝረራ አለቀ። ፎርማን 45 ዓመቱ ነበር። እሱንም ገንዘብ ነው የመለሰው፤ ግን ገንዘቡ ጠዋት ጠዋት የሚያያቸው ልጆች ነበሩት።

በአገራችን ለዚህ የሚመሳሰል ሰው በሩጫ ነው የምናገኘው፦ ማሞ ወልዴ በ40 ዓመቱ ሙኒክ ላይ በማራቶን ነሐስ አመጣ፤ ቀነኒሳ በቀለ በ41 ዓመቱ በ2024 ለንደን ላይ በ2:04:15 ሁለተኛ ወጣ። ሯጭን ግን ማንም አይመታውም፤ ንጽጽሩ እዚያ ላይ ይቆማል።

ቭላድሚር ክሊችኮ የአንድን ሰው ሁለት መልክ አሳይቶናል። በ39 ዓመቱ ዱስልዶርፍ ላይ ከታይሰን ፉሪ ጋር ሲገጥም ቡጢ ለመሰንዘር የሰነፈ ይመስል ነበር፤ ተሸነፈ። በ41 ዓመቱ፣ በኤፕሪል 2017፣ ዌምብሌይ ላይ ጆሹዋን ጥሎ፣ በ11ኛው ዙር እስኪቆም ድረስ የሕይወቱን ደፋር ግጥሚያ ተጋጠመ። አንድ ዓመት ተኩል ገደማ አርጅቶ በልጧል።

አሁን ወደ ሪያድ። ፉሪ በኦክቶበር 2023 ቦክስ ጀማሪ ከሆነው ካሜሩናዊ ፍራንሲስ ንጋኑ ጋር ሲገጥም በሦስተኛው ዙር ወደቀ፤ በተከፋፈለ የዳኞች ድምፅ ለጥቂት ተረፈ። ልምምዱን እንደ ቀላል ማየቱ በእግሩ ታይቷል። በሜይ 2024 ከኦሌክሳንደር ኡሲክ ጋር ሲገናኝ በጣም ተዘጋጅቶ ነበር፤ እስከ ሰባተኛው ዙር ድረስም ደህና ሄደ። በዘጠነኛው የኡሲክ ግራ እጅ አናወጠው፤ ያ ግዙፍ ሰው ከገመድ ገመድ እየተላጋ ዞረ፣ ተቆጠረበት፣ ደወሉ አዳነው። እዚህ መንሱራ ሁላችንም ቆመን ነበር። ያኔ ፉሪ 35፣ ኡሲክ 37 ዓመቱ ነበር፤ በአገሩ ጦርነት መጀመሪያ ላይ መሣሪያ ይዞ የተሰለፈ ሰው። በዲሴምበር ደገሙት፤ ሦስቱም ዳኞች 116 ለ112 ለኡሲክ ሰጡ። ታናሹ በሚቀጥለው ወር ጡረታ ወጣሁ አለ፤ ታላቁ በጁላይ 2025 ዳንኤል ዱቧን ዌምብሌይ ላይ በአምስተኛው ዙር ዘረረ።

ዴዮንታይ ዋይልደር ሪያድ ላይ በጆሴፍ ፓርከር ሲሸነፍ ያ የሚፈራ ቀኝ እጁ ትከሻው ላይ ተኝቶ ቀረ። በጁን 2024 እዚሁ የገጠመው ቻይናዊው ዣንግ ዚሌይ 41 ዓመቱ፣ እሱ 38 ነበር፤ ታላቁ ታናሹን በአምስተኛው ዙር ዘረረው። ለዣንግ ያ ሌሊት ዘግይቶ የመጣ ዕድል ነበር። ለዋይልደር ከፉሪ ጋር ሦስት ጊዜ ከተፋለመ በኋላ የቀረው ሒሳብ ብቻ ይመስል ነበር።

ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2025 ዣንግ ተመልሶ መጣ፤ የ32 ዓመቱ ጀርመናዊ አጊት ካባዬል ሆዱን ሆዱን ይመታው ጀመር። በአምስተኛው ዙር የዣንግ ግራ እጅ ካባዬልን ጣለችው፤ ቡጢው አልሄደም ነበር። ካባዬል ተነሳ። በስድስተኛው አንድ ጎን ላይ ያረፈ ቡጢ ዣንግን አንበረከከው፤ ፊቱ ላይ ፈቃድ እያለ አካሉ እምቢ አለው፣ ዳኛውም ቆጥሮ ጨረሰ።