ከወተት ጥያቄ የተገኘ የነቀርሳ መልስ

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግድም የጡት ነቀርሳ ሕክምና በአመዛኙ መቁረጥ ማለት ነበር። በባልቲሞር ይሠራ የነበረው ቀዶ ሐኪም ዊሊያም ሃልስቴድ ጡትን ከሥሩ ካለው የደረት ጡንቻና ከብብት ዕጢዎች ጋር አንድ ላይ የሚያወጣውን ዘዴ ሲያስፋፋ፣ መነሻው በሽታው ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ወደ ዙሪያው ይዛመታል የሚል እምነት ነበር። በዚህ አስተሳሰብ ለሐኪሙ የሚቀርለት ጥያቄ ምን ያህል ይቈረጥ የሚለው ብቻ ነው። ጤነኛውን ጡት የሚያዝዘው ምንድን ነው፣ ወተት መስጠትስ ስለ ምን ያቆማል ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነበር።

ከነዚህ ጥቂቶች አንዱ ስኮትላንዳዊው ጆርጅ ቶማስ ቢትሰን ነው። በ1870ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ነው) ገና ወጣት ሐኪም ሳለ፣ በምዕራብ ስኮትላንድ አእምሮው የታወከ አንድ ሕመምተኛ እንዲጠብቅ ተቀጠረ። መኖሪያቸው ከአንድ ሰፊ የበግ እርባታ ጋር ይዋሰን ስለ ነበረ፣ ግልገሎች ጡት ሲጥሉ የማየት ዕድል አገኘ፤ ለዶክትርና ማዕረግ የሚጽፈውንም ጽሑፍ ስለ ወተት አመነጫጨት አደረገው። በዚሁ ጥናቱ ላይ ሳለ አንድ ነገር አስገረመው፤ ይኸውም በአንዳንድ አገሮች ገበሬዎች ከወለደች ላም የእንቍላል ዕጢዎቿን ሲያወጡ ላሚቱ ወተት መስጠቷን ለረጅም ጊዜ የምትቀጥል መሆኗ ነው። ታዲያ በሆድ ውስጥ ያለ አንድ አካል ከርሱ ርቆ የሚገኘውን ሌላ አካል እንዴት ያዝዛል?

ጥያቄው ዛሬ ቀላል ይመስላል፤ በዚያን ዘመን ግን አልነበረም። ጠበብቱ እንዲህ ያለውን ትእዛዝ የሚያደርሰው ነርቭ ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ ሆርሞን የሚለው ቃል እንኳ ለሥራ የዋለው በ1905 ነው። ቢትሰን በጥንቸሎች ላይ ሙከራ አድርጎ ወደ ነቀርሳው ያሻገረውን ሐሳብ አገኘ። በምታጠባ እናት ጡት ውስጥ ሕዋሶች በብዛት ይራባሉ፤ በነቀርሳም እንዲሁ ይራባሉ፤ ልዩነቱ የመጀመሪያዎቹ ወደ ስብነት ተለውጠው በወተት መልክ ሲወጡ የኋለኞቹ ግን አለመለወጣቸው ነው ብሎ ገመተ። ስለዚህ የእንቍላል ዕጢዎቹ ቢወጡ የነቀርሳው ሕዋሶችም ወደ ስብነት ተለውጠው ይጠፉ ይሆናል አለ። ማብራሪያው ስሕተት ነበር፤ ጥያቄው ግን ትክክለኛ ነበር፤ በምርምር ታሪክ ውስጥ ይህ ብዙ ጊዜ ይደርሳል።

በ1895 አንዲት የ33 ዓመት የሁለት ልጆች እናት ወደ እርሱ መጣች። ነቀርሳዋ ቀደም ሲል ተቈርጦ ነበር፤ ሆኖም በጠባሳው ላይ ተመልሶ ስለ ነበር ከዚያ ወዲያ የሚቈረጥ አልነበረም። ቢትሰን በጁን ወር የእንቍላል ዕጢዎቿን አወጣ። የታይሮይድ ዕጢ ጭማቂም ይሰጣት ስለ ነበር ሙከራው እንደ መሐንዲስ ሙከራ አንድ ነገር ብቻ የተለወጠበት ነው ለማለት አይቻልም። የሆነ ሆኖ ከስምንት ወር ገደማ በኋላ እባጩ ጠፋ። ውጤቱንም በ1896 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አወጣው። ሴትዮዋ ፈጽማ አልዳነችም፤ ተስፋ በተቈረጠበት ሕይወቷ ላይ ግን ዓመታት ተጨመሩላት።

ደስታው ብዙ አልቈየም። በ1900 ስታንሊ ቦይድ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ተመሳሳይ ሕክምና የተደረገላቸውን ሴቶች ሁኔታ ሲያሰባስብ፣ የተጠቀሙት ከሦስት አንድ ያህሉ ብቻ ሆነው ተገኙ። የቀሩት ከባድ ቀዶ ሕክምና በከንቱ ተቀበሉ ማለት ነው። የትኛይቱ እንደምትጠቀም አስቀድሞ የሚነግር ምልክት ስላልነበረ ጥያቄው ከግማሽ መቶ ዓመት በላይ ሳይመለስ ቈየ።

መልሱ የተገኘው ዳግመኛ ከጤነኛው አካል ነው። በ1923 ኤድጋር አለንና ኤድዋርድ ዶይሲ የእንቍላል ዕጢ የሚያመነጨውን ሆርሞን፣ ኤስትሮጅንን፣ ለዩ። ኤልዉድ ጀንሰን ደግሞ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በራዲዮአክቲቭ ምልክት የተደረገበትን ሆርሞን በእንስሳት አካል ውስጥ ተከታትሎ፣ እንደ ማሕፀን ያሉ የተወሰኑ አካላት ብቻ ይዘው እንደሚያስቀሩት አሳየ። ሆርሞኑን የሚይዘው ተቀባይ የሚባለው ነገር ነው። ተቀባይ የሌለው እባጭ ትእዛዙን ስለማይሰማ፣ የትእዛዙ ምንጭ ቢወገድ ያው ነው።

ጡት ከሌሎች አካላት የሚለየው ግንባታው ከልደት በኋላ የሚቀጥል በመሆኑ ነው። በልጅነት ጥቂት ቀጫጭን ቧንቧዎች ብቻ ነው ያሉት፤ በጉርምስና ይቀረነጫሉ፤ በየወሩ የአደፍ ዑደት ሕዋሶቹ ይነቃሉ፣ ይከፈላሉ፤ ሙሉ ብስለት የሚገኘው ግን በእርግዝና ነው። ሕፃኑ ጡት ሲጥል ደግሞ ከወተት አመንጪዎቹ ብዙዎቹ ይሞታሉ። ሕዋስ በተከፈለ ቍጥር የቅጂ ስሕተት ሊፈጠር ይችላል። ኢጣሊያዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የጡት ነቀርሳ በመነኵሲቶች ዘንድ እንደሚበዛ ጽፎ ነበር። በ1970 ብራያን ማክማሆንና ባልደረቦቹ በበርካታ አገሮች ባደረጉት ጥናት፣ ከ18 ዓመት በፊት የወለደች ሴት ከ35 ዓመት በኋላ ከወለደችው ጋር ስትነጻጸር አደጋዋ አንድ ሦስተኛ ያህል መሆኑን ገለጹ። እንዲህም ሆኖ ከወሊድ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት አደጋው መጠነኛ ጭማሪ ያሳያል፤ ጥበቃው የሚመጣው ዘግይቶ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው በ1990ዎቹ የታወቀው ነው። በጤነኛ ጡት ውስጥ ተቀባይ ያላቸው ሕዋሶች ራሳቸው አይከፈሉም ለማለት ይቻላል፤ ትእዛዙን ተቀብለው ለጎረቤቶቻቸው ያስተላልፋሉ፤ የሚከፈሉት ጎረቤቶቻቸው ናቸው። በብዙ የጡት ነቀርሳዎች ግን ይህ የሥራ ክፍፍል ፈርሷል፤ ትእዛዙን የሚቀበለው ሕዋስ ራሱ ይከፈላል። መሐንዲስ ይህን ሲሰማ መቈጣጠሪያውና ሞተሩ ተለይተው የተሠሩበትን መኪና ያስባል።

በዚህ መካከል የብሪታኒያው አይ ሲ አይ ኩባንያ ለእርግዝና መከላከያ ያሰበው አንድ መድኃኒት ለታሰበለት ሥራ ሳይበጅ ቀረ። ያው መድኃኒት በ1971 ማንችስተር በሚገኘው ክሪስቲ ሆስፒታል በጡት ነቀርሳ ሕሙማን ላይ መሞከሩ ተገለጸ፤ ስሙም ታሞክሲፈን ነው። የተቀባዩን ቦታ ይዞ ኤስትሮጅንን ስለሚከለክል፣ ቢትሰን በቢላዋ ያደረገውን በክኒን ያደርጋል። ዛሬ ከጡት የተወሰደ ናሙና ነቀርሳ መሆኑ ሲረጋገጥ ከሚደረጉት የመጀመሪያ ምርመራዎች አንዱ ተቀባዩ መኖር አለመኖሩን ማየት ነው። ቢትሰን በ1933 ሲሞት፣ ከሕሙማኑ መካከል ሁለት ሦስተኛው ለምን እንዳልተጠቀሙ አላወቀም።