በድመት ልብ ውስጥ ከቫልቩ በፊት ጡንቻው ይለካ

በውሻ ልብ የተለመደውን አስተሳሰብ ለድመት ማዋል ያሳስታል። ዕድሜው በገፋ ትንሽ ውሻ ላይ ያልተለመደ የልብ ድምፅ ሲሰማ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የሚትራል ቫልቭ ማርጀት ነው። ድመት ላይ ግን የቫልቩ ጉድለት አብዛኛውን ጊዜ የጡንቻው ሕመም ውጤት ነው። የግራው የታችኛው የልብ ክፍል ግድግዳ ሲወፍር ልብ በተኮማተረ ቁጥር የቫልቩ ቅጠል ወደ ደም መውጫው ይሳባል፤ መውጫው ይጠባል፣ በደንብ ያልተዘጋው ቫልቭም ደም ወደ ኋላ ይመልሳል። በጡንቻው መድከም ለሚመጣው የልብ ሕመም ደግሞ ከሁሉ የጎላው ምስክር እ.ኤ.አ. በ1987 በካሊፎርኒያ የተገኘው ነው፦ ታውሪን የተባለው ንጥረ ነገር የጎደለው መኖ የሚበሉ ድመቶች ልባቸው ሰፍቶና ደክሞ ነበር፤ ታውሪን ሲሰጣቸው ብዙዎቹ አገገሙ። ድመቱን በፍርፍርና በዳቦ ብቻ ለሚያሳድግ ቤተሰብ ይህ ተራ ነገር አይደለም፤ ታውሪን የሚገኘው ከሥጋና ከዓሣ ነውና።

ጆሮ ብቻውን እንደማይበቃ እ.ኤ.አ. በ2015 በእንግሊዝ የታተመ ጥናት አሳይቷል። ጤነኛ ከሚመስሉ 780 የመጠለያ ድመቶች ከመቶ 41 ያህሉ ያልተለመደ የልብ ድምፅ ነበራቸው፤ የጡንቻ መወፈር የተገኘባቸው ግን ከመቶ 15 ገደማ ናቸው። በዘረመል ምርመራ እንለየው የሚል ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2005 በሜይን ኩን፣ በ2007 ደግሞ በራግዶል የተገኙት ለውጦች የየዘራቸው ናቸው፤ ዘሩ ለተቀላቀለ ድመት፣ ለምሳሌ በደቡብ አፍሪካዋ ጆሃንስበርግ ለሚኖር፣ እምብዛም አይረዱም። ውፍረቱን የሚለካው የልብ አልትራሳውንድ ውድ ነው የሚለው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል። ከከተማዋ በስተሰሜን የሚገኘው የኦንደርስቴፖርት ፋኩልቲ በደቡብ አፍሪካ ብቸኛው የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ነውና ልዩ ሐኪም በየሰፈሩ አይገኝም። ሆኖም የልብ ጫናን የሚያሳይ የደም ምርመራ ማን ወደ አልትራሳውንድ መላክ እንዳለበት ይለያል፤ ባለቤቱም የተኛውን ድመት አተነፋፈስ ይቁጠር፣ በደቂቃ ከ30 ካለፈና ከቀጠለ ሐኪም ዘንድ ይውሰደው።

“መድኃኒት ከሌለ ማወቁ ምን ይጠቅማል?” የሚለው ጥያቄ ቀድሞ አሳማኝ ነበር፤ አሁን ግን ክብደቱ ቀንሷል። የግራው የላይኛው የልብ ክፍል የሰፋበት ድመት ደም ሊረጋበትና ድንገት የኋላ እግሮቹ ሽባ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ክሎፒዶግሬል የተባለው መድኃኒት የሚታዘዘው ለዚህ ነው። ለማምከን ሰመመን የሚወስድ ድመትም ግድግዳው እንደወፈረ ከታወቀ በደም ሥሩ የሚሰጠው ፈሳሽ በጥንቃቄ ይመጠናል። ምልክት ገና ላላሳየ ድመት የተዘጋጀው ሲሮሊመስ የተባለው መድኃኒትም እ.ኤ.አ. በ2025 በአሜሪካ በቅድመ ሁኔታ የተፈቀደው ለወፈረ ጡንቻ ነው፤ ውፍረቱ ደግሞ በስቴቶስኮፕ አይለካም።