ሰላዩ ማን ነበር? ከ«ስካርሌት ፒምፐርኔል» እስከ መተማ በረሃ

የስለላና የፍቅር ፊልም ወዳጆች «ዘ ስካርሌት ፒምፐርኔል»ን ባያዩት እንኳ ስሙን ሳይሰሙ አይቀሩም። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1934 በአሌክሳንደር ኮርዳ ፕሮዲዩሰርነት እንግሊዝ አገር የተሠራ ሲሆን፣ መነሻው የባሮነስ ኦርክዚ ልብ ወለድ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው እ.ኤ.አ. በ1792፣ የፈረንሳይ አብዮት መኳንንቱን በጊሎቲን በሚቀላበት ወቅት ነው። ሰር ፐርሲ ብሌክኒ የሚባል እንግሊዛዊ ባላባት (ሌስሊ ሃዋርድ) ለንደን ውስጥ ከልብሱ ስፌት በቀር የሚያስጨንቀው ነገር የሌለ ቂል መስሎ ይኖራል። በስውር ግን መልኩን ለውጦ ፓሪስ ይገባና ሞት የሚጠብቃቸውን ያሾልካል። ምልክቱ አንዲት ትንሽ ቀይ አበባ ናት። ፍቅሩ ያለው በሚስቱ በኩል ነው። ማርጋሪት (መርል ኦቤሮን) ፈረንሳዊት ናት። ሾቭለን የተባለው የአብዮቱ ተወካይ የወንድሟን ሕይወት መያዣ አድርጎ የፒምፐርኔልን ማንነት አጣርታ እንድትነግረው ያስገድዳታል። አሳልፋ የምትሰጠው ሰው የገዛ ባሏ መሆኑን አታውቅም።

ይህ ቀመር ዛሬም አልሞተም። ስሙን የደበቀ ጀግና፣ ጨካኝ አብዮት፣ በሌሊት የሚሻገር ድንበር፣ ልቧ ለሁለት የተከፈለ ሴት። ሃዋርድ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1941 «ፒምፐርኔል ስሚዝ» በሚል ፊልም ጀግናውን ወደ ናዚ ጀርመን ወስዶታል። ሆኖም በዚህ ዓይነት ፊልም ውስጥ ሁልጊዜ የሚጎድል አንድ ነገር አለ። የሚድኑት ሰዎች ከጋሪው ሥር ተሸሽገው ያልፋሉ እንጂ ስም የላቸውም፤ ምን እንዳሰቡም አይጠየቁም።

ይህን ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ቀመሩ በእኛም ታሪክ ላይ ተሞክሯል። በሐምሌ 2011 ዓ.ም. ኔትፍሊክስ ያቀረበው «ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» የተባለው የጊዲዮን ራፍ ፊልም፣ በደርግ ዘመን ቤተ እስራኤላውያን በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል የወጡበትን ታሪክ ይተርካል። ክሪስ ኢቫንስ የሞሳድ ሰላይ ሆኖ ይተውናል። ሐሳቡ እውነት ነው። ሞሳድ ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን አሩስ የሚባል የባሕር ዳርቻ መዝናኛ በስዊዘርላንድ ኩባንያ ስም ተከራይቶ፣ ቀን ቱሪስት እያስተናገደ፣ ሌሊት ስደተኞችን ወደ መርከብ ያወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1982 የሱዳን ወታደሮች ከባሕሩ ዳር ከደረሱባቸው በኋላ ደግሞ በበረሃ ላይ በሚያርፉ ሄርኩለስ አውሮፕላኖች መጠቀም ጀመረ። ፊልሙ የተቀረጸው ግን በናሚቢያና በደቡብ አፍሪካ ነው። አገሩን የሚያውቅ ተመልካች አሸዋውን ሲያይ ይህ የእኛ ቆላ አይደለም ማለቱ አይቀርም።

ለመሆኑ የእኛ ቆላ የትኛው ነው? ከጎንደር ደጋ ወደ ምዕራብ ሲወረድ አርማጭሆ፣ ቋራና መተማ ይገኛሉ። ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁበት፣ ከማዶው የሱዳኗ ገላባት የምትታይበት፣ ዛሬ ሰሊጥና ጥጥ የሚመረትበት ምድር ነው። ደገኛ ወደዚያ ሲወርድ የሚፈራው ሽፍታን ብቻ አይደለም፤ ወባና ካላዛር አሉ። በ1969 ዓ.ም. መተማና ሁመራ በኢዲዩ እጅ ገብተው ደርግ እስኪያስመልሳቸው ድረስ አካባቢው የጦር ሜዳ ነበር። በጎንደር ደግሞ በሻለቃ መላኩ ተፈራ አስተዳደር ዘመን ቀይ ሽብር የወጣቱን ደም ያፈስስ ነበር። የቀበሌ የይለፍ ወረቀት ሳይዙ ከአውራጃ አውራጃ መንቀሳቀስ ያስጠይቃል፤ ያለፈቃድ ከአገር መውጣትማ ወንጀል ነው።

የመተማንም ሆነ የሁመራን በረሃ ያቋረጡት ቤተሰቦች ይህን ሁሉ እያወቁ ተነሡ። ቤቱን እንደነበረ ትቶ፣ ለጎረቤት ሳይነግር፣ ለልጆቹም እስከ መሄጃው ሌሊት ድረስ ምንም ሳይተነፍስ የወጣ ብዙ ነው። በአሻጋሪ እየተመሩ ቀን ተደብቀው ሌሊት ተጓዙ። አሻጋሪው አንዳንዴ ታማኝ ነው፤ አንዳንዴ ገንዘቡን ተቀብሎ ለሽፍታ አሳልፎ ይሰጣል። ጉዞው ሳምንታት ይፈጃል። ገዳሪፍ አካባቢ ኡም ራኩባና ተዋዋ መጠለያዎች ሲደርሱ ደግሞ ሌላ ፈተና ጠበቃቸው። በሙስሊም አገር፣ ከብዙ ሺህ ሌላ ስደተኛ መካከል፣ ማንነታቸው እንዳይታወቅ ሃይማኖታቸውን መሸሸግ ነበረባቸው። ሰንበትን በምስጢር ማክበር፣ ሌላው ያረደውን ሥጋ ላለመብላት ሰበብ መፈለግ፣ የሞተባቸውን በዝምታ መቅበር ግዴታ ሆነ። በመንገድና በመጠለያ ያለቁት አራት ሺህ ገደማ እንደሚሆኑ ይገመታል፤ መታሰቢያቸው ኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ ላይ ቆሟል።

እንግዲህ ሰላይ ማለት ማንነቱን ደብቆ በጠላት መካከል የሚኖር ሰው ከሆነ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሰላዩ ማን ነበር? በእኔ ግምት የዋና አስተማሪ መስሎ ሆቴል ውስጥ ከተቀመጠው መኮንን ይልቅ፣ ልጇን ታቅፋ ከመጠለያው ጥግ ዝም ያለችው እናት ትበልጣለች። መኮንኑ ሥልጠናም፣ ሬዲዮም፣ ከባሕሩ የሚጠብቀው መርከብም ነበረው። እሷ ምንም አልነበራትም።

የመንገዱ ቀያሽም ከዚሁ አገር የወጣ ሰው ነው። ፈረደ አክሉም የትግራይ ተወላጅ፣ ቤተ እስራኤላዊ መምህር ነበር። ሸሽቶ ካርቱም ገባና የድረሱልን ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው ሞሳድ እጅ ገብቶ ዳኒ ሊሞር የተባለው ሰላይ ፈልጎ አገኘው፤ ሁለቱ አብረው መሥመሩን ዘረጉ። ፈረደ ወደ አገር ቤት የላከው መልእክት ነው ብዙዎችን ለሱዳን መንገድ ያስነሣው። በፊልሙ ይህ ሰው ከበደ ቢምሮ ተብሎ፣ በሟቹ ማይክል ኬ. ዊሊያምስ ተተውኖ፣ ከኢቫንስ ጀርባ ቆሟል። በሕግ ዓይን ስም መቀየር ፊልም ሠሪን ከብዙ ክስ ያድናል። የፈረደን ስም ግን ከተመልካቹ ሰወረ።

ከኅዳር 12 እስከ ታኅሣሥ 27 ቀን 1977 ዓ.ም. በተካሄደው «ዘመቻ ሙሴ» ከስድስት ሺህ እስከ ስምንት ሺህ የሚገመት ሰው ከካርቱም በአውሮፓ በኩል ተወሰደ። ወሬው ሲወጣ ቆመ። መጋቢት 28 ቀን ኒሜሪ ወደቁ፤ ምክትላቸው ዑመር አል ጠይብ በዚሁ ጉዳይ ተከስሰው ተፈረደባቸው። ጀግና ተብሎ ፊልም የሚሠራበት ድርጊት ድንበር ሲሻገር የወንጀል ፋይል ሆነ ማለት ነው።

ፍቅሩን የሚፈልግ ደግሞ ራዱ ሚሃይሌአኑ እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራውን «ቫ፣ ቪ ኤ ደቭየን» የተባለ የፈረንሳይ ፊልም ቢያይ አይከፋም። ሱዳን መጠለያ ውስጥ ያለች ክርስቲያን ኢትዮጵያዊት እናት፣ ልጇ እንዲተርፍ ቤተ እስራኤል ነኝ ብሎ እንዲሄድ ትልከዋለች። ልጁ ከዚያች ቀን ጀምሮ እስራኤል ውስጥ በሐሰት ስም ያድጋል። አማርኛ ይነገርበታል፤ ሆቴል የለበትም። ማርጋሪት ባሏን ሳታውቅ አሳልፋ ሰጠች፤ ይህቺ እናት ግን እያወቀች ልጇን ሰጠች። ሁለቱን ፊልሞች አከታትሎ ያየ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል።

የመተማ መንገድ በዚያ አላበቃም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ፣ በዚያው በር በተቃራኒው አቅጣጫ ሱዳናውያንና እዚያ የነበሩ የሌላ አገር ሰዎች በአስር ሺዎች ገቡ። በምዕራብ ጎንደር ኩመርና አውላላ በተባሉ ቦታዎች ተጠለሉ። በ2016 ዓ.ም. ዝርፊያና ጥቃት ሲበዛባቸው ከመጠለያው ወጥተው አስፋልት ዳር ጫካ ውስጥ የሰፈሩ ነበሩ። ከእነርሱም ውስጥ ልጆቻቸውን ይዘው፣ ያላቸውን ትተው፣ ማንን እንደሚያምኑ ሳያውቁ ድንበሩን ያቋረጡ አሉ።