ያረጀ የቤት ፍሪጅ ጥገና

ፍሪጅ ሙቀትን ከውስጡ ወስዶ በጀርባው በኩል የሚያስወጣ የሙቀት ፓምፕ ነው። ያረጀ ፍሪጅ ማቀዝቀዝ ሲያቅተው ብዙ ጊዜ «ጋዙ አልቋል» ይባላል። ጋዙ ግን በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ስለሚዞር እንደ ነዳጅ አያልቅም፤ ካነሰ የሚያፈስ ቦታ አለ። ቀዳዳው ሳይደፈን ጋዝ ማስሞላት ገንዘብ ማባከን ነው። አስቀድሞ የበሩ ጎማ መላላቱን፣ የጀርባው ኮንደንሰር በአቧራ መሸፈኑን ማየት ይገባል። ኮምፕሬሰሩ «ጠቅ» እያለ የማይነሳ ከሆነ የማስነሻው ሪሌ ብልሽት ወይም የቮልቴጅ ማነስ ሊሆን ይችላል።

ከፍታም ለውጥ ያመጣል። ኮምቦልቻ 1,850፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። የቆዩ ፍሪጆች ቴርሞስታት በውስጡ በታመቀ ጋዝ የሚነፋና የሚሟሽሽ ትንሽ ከረጢት አለው፤ አየሩ ሲሳሳ ከረጢቱ ቶሎ ስለማይሟሽሽ ኮምፕሬሰሩ ዘግይቶ ይጠፋል። ስለዚህ ከኮምቦልቻ ደሴ ፒያሳ የተወሰደ ፍሪጅ በዚያው ቁጥር ላይ ሆኖ ጎመኑን ሊያደርቀው ይችላል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ቁጥሩን ዝቅ ማድረግ ይበቃል።

የጋዙ ዓይነት ኮምፕሬሰሩ ላይ ተጽፏል። አር-600ኤ ተቀጣጣይ ስለሆነ ጋዙ ከቧንቧው ሳይወጣ በእሳት መበየድ አደገኛ ነው።