የሐረር ጫኞች ቋጠሮ፦ ከዘይላ መንገድ እስከ ሰንጋችን ማሰሪያ

ዛሬ ስለ ማዳበሪያም ስለ ምርጥ ዘርም አናወራም። የዛሬው ወሬያችን ስለ ገመድ ነው። «ገመድ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» የሚል አይጠፋም። ግን ሌሊት በገዛ ማሰሪያው ታንቆ ያደረ በሬ ያየ ሰው፣ ወይም አህያው ጀርባዋ ተልጦ ገበያ የቀረበት ሰው፣ ቋጠሮ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ያውቃል። የጥንት ጫኞች ይህን እውቀት በእጃቸው ይዘው ነበር። ሐረር ራሷ ያደገችው በጭነት ንግድ ነው፤ ጭነት ደግሞ ያለ ቋጠሮ አንድ ቀን አይሄድም።

የሐረር ጀጎል ግንብ የተሠራው በ16ኛው መቶ ዘመን በአሚር ኑር ጊዜ ነው። ጥንታዊዎቹ በሮች አምስት ናቸው፤ ሲመሽ ይዘጉ ነበር። ሲራራ ነጋዴ መሽቶበት ከደረሰ ከግንቡ ውጭ ጭነቱን አራግፎ፣ ከብቱን አስሮ፣ ጠባቂ አቁሞ ማደር ነው ያለው። በበሮቹ ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ይወጣል፤ ጨርቅና ሌላም የባሕር ማዶ ዕቃ ይገባል። እውነቱን ላለመደበቅ፣ በዚያ ዘመን ሰውም እንደ ዕቃ ታስሮ ይሸጥ ነበር። ገመድ የሠራውን ደግም ክፉም አብረን ማስታወስ አለብን።

ከሐረር ተራሮች እስከ ዘይላ ወደብ ያለው መንገድ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አብዛኛው ቆላና በረሃ ስለሆነ ጭነቱ የግመል ነው። ደጋው ላይ ግን ዳገቱና ድንጋዩ ለግመል ስለሚከብድ አህያና በቅሎ ይፈለጋሉ። ስለዚህ ጭነት በመንገድ ላይ ብዙ ጊዜ ይፈታል፣ ብዙ ጊዜ ይታሰራል። ማታ ይወርዳል፣ ሌሊት ለጉዞ ሲነሱ በጨለማ ይጫናል። እንግዲህ አስቡት፤ ሲፈታ የሚያስቸግር ቋጠሮ ያሰረ ሰው ጓደኞቹን ሁሉ ያስቀራል። ገመዱን በቢላ ቢቆርጠው ደግሞ በረሃ ላይ ሌላ ገመድ ከየት ይመጣል? ጥሩ ቋጠሮ የሚባለው ሦስት ነገር ያሟላ ነው፦ ጭነት ሲስበው የማይከዳ፣ ሲፈለግ ቶሎ የሚፈታ፣ ገመዱን የማያበላሽ።

በዚህ ጥበብ የሶማሌ አርብቶ አደር ሴቶችን የሚያህል የለም። «አቀል» የሚሉት ቤታቸው ከጎበጡ እንጨቶችና ከተጠለፈ ሰሌን የሚሠራ ነው። ምስማር የሚባል ነገር የለውም፤ ሁሉም በገመድ የታሰረ ነው። ለጉዞ ሲነሱ ቤቱ ይፈታና ግመል ላይ ይጫናል፤ የሚያድሩበት ሲደርሱ እንደገና ይቆማል። ገመዱን ራሳቸው ይሠራሉ፤ «ገሎል» ከሚባለው ግራር ልጥ፣ ወይም «ሒግ» ከሚሉት ቅጠሉ እንደ ሰይፍ የቆመ ተክል ቃጫ ያወጣሉ። አንዱ ቃጫ ብቻውን በጣት ይበጠሳል፤ ሲገመድ ግን ግመል ይይዛል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው ለምክር ብቻ ሳይሆን በእጅ ተሠርቶ የታየ ነገር ነው።

እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በጥር 1855 በዚህ መንገድ ሐረር ገባ። ግመሎችና በቅሎዎች ነበሩት። ብቻውንም አልመጣም፤ በሶማሌ ምድር እንግዳ ሰው «አባን» የሚባል ጠባቂ ሳይዝ አይሄድም ነበርና እሱም በአባን ነው ያለፈው። ጭነት በገመድ፣ መንገደኛ በውል ይታሰራል ማለት ነው። በእኛስ ቋንቋ «ውል» ስንል የክሩን ጫፍም የሰዎችን ስምምነትም አይደል የምንለው? የክሩ ውል ከጠፋ ፈትሉ ይወሳሰባል፤ የሰው ውል ከፈረሰ መንገዱ ይዘጋል።

ሌላው መንገደኛ ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ነው። በወጣትነቱ ገጣሚ ነበር፤ ኋላ ግጥሙን ትቶ እ.ኤ.አ. በ1880 ዓመተ ምሕረት መጨረሻ በነጋዴ ቤት ተቀጥሮ ሐረር መጣ፤ ቡናና ቆዳ ነገደ። በ1891 ጉልበቱ ላይ ክፉ እብጠት ወጣበትና መራመድ አቃተው። ሸራ ያለበሰው ቃሬዛ አሠርቶ፣ 16 ተሸካሚ ቀጥሮ፣ በሚያዝያ መጀመሪያ ከሐረር ወደ ዘይላ ተነሣ። በመንገድ የያዘው አጭር ማስታወሻ አለ። ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቃሬዛው ግማሹ ተላቅቆ፣ ተሸካሚዎቹም ዝለው እንደነበር ጽፏል። የታመመ እግሩን ከበቅሎዋ አንገት ጋር አሳስሮ ለመጋለብ ሞከረ፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሕመሙ ስላልቻለው ወርዶ እንደገና ቃሬዛው ላይ ተኛ። ከጭነቱ ቀድሞ በሄደበት ቀን ደግሞ ዝናብ መጣ። ድንኳኑ ኋላ ከግመሎቹ ጋር ስለነበር 16 ሰዓት ሙሉ ያለ መጠለያ ዝናብ ላይ ተኛ። ዘይላ የደረሰው በ12 ቀን ነው። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ማርሴይ ከተማ ውስጥ ሞተ።

ከዚህ ለእኛ የሚጠቅም ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ የሚወዛወዝ ጭነት ማሰሪያው መላላቱ አይቀርም። ልምድ ያለው ጫኝ ከተነሣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቆም ብሎ እንደገና የሚያጠብቀው ለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ ድንገት የሚያስፈልግ ነገር ከባለቤቱ አይለይም፤ ከሁሉ በላይ ቶሎ በሚፈታ ቋጠሮ ይታሰራል።

እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ አሁን ድሬዳዋ የምንላት ቦታ ደረሰ። ሐዲዱን ወደ ሐረር ተራራ ማውጣት ከባድ ስለነበር ሐረር ከመስመሩ ውጭ ቀረች። የዘይላ ሲራራ ንግድ ከዚያ በኋላ እየከሳ ሄደ። ከሐረር እስከ ድሬዳዋ ያለውን ቁልቁለት ግን የጭነት ከብት ገና ብዙ ዘመን ሠርቶበታል። ዛሬ መኪናው ተክቶታል፤ ሆኖም አወዳይ ገበያ ሄዳችሁ የጫት እስር ሲታሰርና መኪና ላይ ሲጠፈር ብታዩ፣ የዚያ ዘመን እጅ ገና እንዳልሞተ ትረዳላችሁ። የጠፋው በየቤታችን ያለው ነው። ድሮ ቃጫና ጠፍር ነበር፤ አሁን የናይለን ገመድ መጣ። ናይለን ጠንካራ ነው፣ አይበሰብስም፤ ግን ያዳልጣል። ቋጠሮው ተጨማሪ ዙር ካላገኘ ይከዳል። ቀጭን ስለሆነም ቆዳ ይቆርጣል። ጠፍር በተቃራኒው ርሶ ታስሮ ሲደርቅ ይጠብቃል፤ ለምራን የተመረጠውም ያለ ምክንያት አይደለም።

እንግዲህ ከጫኞቹ እንማር።

አህያ ስትጭኑ ግራና ቀኙ እኩል ይሁን፤ ካልሆነ ገመዱን የቱንም ያህል ብታጠብቁት ጭነቱ ይዞራል። ወፍራም ድልድል ከሥር አድርጉ፤ ከጀርባ አጥንቷ ላይ ምንም ነገር አይረፍ። ጭነቱ ከሰውነቷ ክብደት ሲሶ እንዳያልፍ። ዳገት ላይ ጭነት ወደ ኋላ ስለሚሸሽ በደረቷ በኩል ማገጃ ያስፈልጋል፤ ቁልቁለት ላይ ወደ ፊት ስለሚሄድ በጭራዋ በኩል። ማገጃው ሰፊ ጨርቅ ወይም ቆዳ ይሁን፣ ቀጭን ገመድ አይሁን።

በሐረርጌ ሰንጋ የሚደልበው ደጅ ታስሮ፣ የበቆሎና የማሽላ ቅጠል በእጅ እየቀረበለት ነው። ቀን ከሌሊት በገመድ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ አንገቱ ላይ ሸምቀቆ በፍጹም አታስሩ፤ በሳበ ቁጥር ይጠብቅበታል። በምትኩ የማይሸመቅ ቀለበት ሥሩ። መጀመሪያ ገመዱን በአንገቱ አዙሩና ረዘም ያለ ጫፍ አስተርፉ። በዋናው ገመድ ላይ ትንሽ ቀለበት ሥሩ፤ ወደ ጫፉ የሚሄደው ከላይ ይሁን። ጫፉን ከሥር ወደ ላይ በቀለበቱ አውጡት፣ ከዋናው ገመድ ጀርባ አዙሩት፣ ተመልሶ በዚያው ቀለበት ወደ ታች አስገቡት። አሁን አጥብቁ። በአንገቱና በገመዱ መካከል እጃችሁ በደንብ መግባት አለበት።

ሌላኛውን ጫፍ ከእንጨቱ ጋር ስታስሩ ደግሞ ቶሎ የሚፈታውን ተጠቀሙ። ጫፉን በእንጨቱ ዙሪያ አዙሩ፤ ከዚያ በዋናው ገመድ ላይ አንዴ አዙራችሁ ልትቋጥሩ ስትሉ ጫፉን ሙሉ በሙሉ አታሳልፉ፤ አጥፋችሁ ጆሮውን ብቻ በቀለበቱ አስገቡና ዋናውን ገመድ ሳቡ። ከብቱ ሲስብ ይጠብቃል፤ እናንተ የተረፈውን ጫፍ ስትስቡ ወዲያው ይፈታል። እሳት ቢነሣ ወይም ከብቱ ቢወድቅ በሬያችሁን የሚያተርፈው ይህ ነው። ጫፉ ግን የከብቱ አፍ የማይደርስበት ቦታ ይሁን፤ አለበለዚያ ስቦ ይፈታዋል።

ሁለቱንም ዛሬ ማታ በበር መቃን ላይ ደጋግማችሁ ሞክሩ፤ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እስክትሠሩት ድረስ። የጥንት ጫኞችም በጨለማ ነበር የሚያስሩት። ልጆቻችሁንም አስተምሩ፤ ከብት የሚጠብቁት እነሱ ናቸውና። ሰላም ሁኑ።